ባሕር ተሻግረው ምን ሊያዩ ይሄዳሉ?

ካስተማርኋቸው መካከል የጥርስ ሕክምና ትምህርቷን ወደ መፈጸሙ የተቃረበች አንዲት ወጣት ከጓደኞቿ ጋር ወደ አንድ የአውሮጳ ዩኒቨርሲቲ ለጥቂት ሳምንታት ጉብኝት ተልካ በነበረችበት ጊዜ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ከሕሊናዬ አልወጣም። የዚያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የአንድ ሕፃን የፊት ጥርሶች በጉባኤው ፊት በሥዕል አሳይቶ፣ ነጭ ዝንጉርጉር የወረሰውንና በመካከሉ ቡናማ ነቁጥ ያለበትን ያን ጥርስ «ይህ ምንድን ነው? ከወዴትስ ይመጣል?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ የአገሩ ተማሪዎች ግማሾቹ የመበስበስ መጀመሪያ ነው፣ ግማሾቹም በሕፃንነት የደረሰ ትኩሳት ያስከተለው ጉድለት ነው እያሉ ሲከራከሩ፣ በስምጥ ሸለቆ ተወልዳ ያደገችውና ያንኑ ምልክት በገዛ ጥርሷ ላይ የተሸከመችው የእኛዋ ልጅ ከንፈሯን ገጥማ ዝም አለች። ከተመለሰች በኋላ «ምነው ልጄ፣ ሳታውቂው ቀርተሽ ነውን?» ብላት፣ «ዐውቄዋለሁ ዶክተር፤ ነገር ግን ልንማር እንጂ ልንናገር የሄድን አልመሰለኝም» አለችኝ።

በልጅቱ አልፈርድባትም፤ ዝምታው የእርሷ ብቻ አይደለምና። የጥርስ ሕክምና ተማሪ ወደ ባሕር ማዶ ለጉብኝት ሊሄድ ነው በተባለ ቁጥር፣ ከወላጆቹ ጀምሮ እስከ ሥራ ባልደረቦቼ ድረስ ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ልጁ እዚህ የሌለውን መሣሪያ አይቶ፣ ቢቻለውም በእጁ ነክቶ፣ ከዚያም የተነሣ ከአቻዎቹ ሁሉ የላቀ ሐኪም ሆኖ እንዲመለስ ነው። ይህ አሳብ ስንት ጊዜ ቢነቀል፣ ሥሩ በመንጋጋ ውስጥ ተሰብሮ እንደ ቀረ ጥርስ፣ ዳነ ሲባል መልሶ የሚያመረቅዝ ሆኖብኛል።

ከጉብኝት ሲመለሱ የሚያቀርቡትን ዘገባ ላነበበ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ አፍን በብርሃን ቃኝቶ የጥርሱን ቅርጽ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ የሚስለውን ስካነር ያወድሳል፤ ሁለተኛው ገጽ ከሴራሚክ ፈልፍሎ በዚያው ቀን ክራውን የሚያወጣውን መኪና ያመሰግናል፤ ሦስተኛው ገጽ ፎቶግራፍ ነው። በመጨረሻም ኮሌጁ ይህን መሣሪያ እንዲገዛ የሚያሳስብ አንቀጽ ይከተላል። መሣሪያው ይጠቅማል፤ ይህን የሚክድ ባለሙያ የለም። ነገር ግን መለዋወጫና ጠጋኝ ያልተዘጋጀለት መሣሪያ ብዙ ሳይቆይ ጨርቅ ለብሶ በክሊኒክ ማእዘን እንደሚቆም፣ በየደረስንበት ያየነው ሁላችን እናውቃለን።

ደግሞም ዘመድ አዝማድ የማያውቀው፣ ተማሪዎቹም ከመሄዳቸው በፊት ሊያምኑት የማይወዱት ነገር አለ። በብዙ አገር የሙያ ፈቃድ ሕግ መሠረት እንግዳ ተማሪ የበሽተኛን አፍ እንዲነካ አይፈቀድለትም፤ ከወንበሩ በስተኋላ ቆሞ ይመለከታል እንጂ መንቀያም መሰርሰሪያም አይጨብጥም። እንግዲህ «ውጭ አገር ሲያክም ከርሞ መጣ» እየተባለ በየሠርጉ የሚነገርለት ልጅ፣ እውነቱ ይነገር ቢባል፣ እዚህ በአንድ ቀን ተራው የሚያክመውን ያህል እንኳ እዚያ አላከመም።

ታዲያ በዓይን ብቻ የሚቀሰመው ምንድን ነው ቢሉ፣ በወንበሩ ዙሪያ ያለው ሥርዓት ነው እላለሁ። ተማሪው የበሰበሰውን ጠርጎ ካበቃ በኋላ፣ ሙሌቱን ከመጀመሩ በፊት፣ መምህሩ መጥቶ በመስታወትና በመመርመሪያ እስኪያየውና በመዝገቡ ላይ እስኪፈርምለት ድረስ እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል፤ በሽተኛይቱን ስለ አመጋገቧና ሻይዋን በስንት ማንኪያ ስኳር እንደምትጠጣ ሲጠይቃት ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ለመነቀል የመጣ ጥርስ ሳይነቀል ቢቀር ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰፍራል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ አንዳች የለም። በተማሪዎቻችን ዘገባ ውስጥ ግን ስለዚያ ፊርማ የተጻፈ አንድ መስመር እንኳ ፈልጌ አላገኘሁም።

ሊቃውንት አባቶቻችን ትምህርት ፍለጋ መሄድ ምን እንደ ሆነ ከእኛ አብልጠው ያውቁ ነበር። የቆሎ ተማሪ አኵፋዳውን አንግቶ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለቅኔም ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋሸራ ሲሄድ፣ የደብሩን ጉልላት ሊያደንቅ ወይም በዕቃ ቤቱ ያለውን ንዋየ ቅድሳት ሊቈጥር አልነበረም። የሚሻው መምህሩን ነበር። የቅኔ ተማሪ ደግሞ የመምህሩን ቅኔ በመስማት ብቻ አይወሰንም፤ ቀኑን ሙሉ ለብቻው ተቀምጦ ሲቈጥረው የዋለውን የራሱን ቅኔ በመምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል፣ ይነቀፋል፣ ይታረማል። የእኛ ጎብኚዎች ግን የሚያሳርሙት ሳይዙ ይሄዳሉ።

ስለ ነቁጥ ጥርስ ዛሬ የሚታወቀው እንኳ እንዴት እንደ ተገኘ ቢነገራቸው ምናልባት አንደበታቸው በተፈታ ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1901 ፍሬድሪክ መኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ሥራ ሲጀምር፣ የብዙ ተወላጆችን ጥርስ በቡናማ ነቁጥ ተበላሽቶ አገኘው። ከመጻሕፍቱ የሚረዳው አንዳች ባያገኝ ሰዉን ጠየቀ፤ ከፊሉ የአሳማ ሥጋ ስለሚያበዙ ነው፣ ከፊሉ ወተቱ መናኛ ስለ ሆነ ነው፣ ከፊሉም ውሃው ካልሲየም ስለ በዛበት ነው አሉት። እርሱ ግን የያዘውን ጥያቄ ሳይጥል ቆየ፤ በዚያ ዘመን በሙያው እጅግ የታወቁት የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ትምህርት ቤት ዲን ግሪን ቫርዲማን ብላክ በ1909 ወደ ኮሎራዶ መጥተው ከእርሱ ጋር ሊመረምሩ ተስማሙ፤ በ1915 እስከ ዐረፉበት ድረስም ነገሩን ሲከታተሉ ኖሩ። ልብ ይባልልኝ፤ ጎብኚው ዲኑ ነበሩ፣ አስጎብኚው ግን የአገር ቤቱ ሐኪም ነበር። እነዚያ ነቁጥ ያለባቸው ጥርሶች መበስበስን ከሌሎች ይልቅ የሚቋቋሙ መሆናቸውም የታወቀው በዚሁ ምርመራ ነው።

ከዚያም መኬይ በ1923 ወደ አይዳሆ ሄደ፤ በዚያ ኦክሊ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖሩ ወላጆች ከሩቅ ካለ የሞቀ ምንጭ በቧንቧ ውሃ ካስመጡ ወዲህ የልጆቻቸው ጥርስ እንደ ተበላሸ ነገሩት፤ እርሱም ያን ቧንቧ ትተው በአቅራቢያ ካለ ከሌላ ምንጭ እንዲጠጡ መከራቸው፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ለታናናሾቹ ልጆች ንጹሕ ጥርስ ወጣላቸው። የነገሩ መንሥኤ ፍሎራይድ መሆኑን የአሉሚኒየም ኩባንያ ኬሚስት የነበረው ቸርችል በ1931 ለይቶ እስኪያወጣው ድረስ፣ መኬይ የያዘው የእናትና የአባት ምስክርነት ነበር። በ1945 የግራንድ ራፒድስ ከተማ ጥርስን ከመበስበስ ለመጠበቅ ያንኑ ፍሎራይድ በልክ መጥና በመጠጥ ውሃዋ ላይ የጨመረችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የሞቀ ምንጭ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የስምጥ ሸለቆው ምድር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመሆኑ፣ በወንጂም ሆነ በሐይቆቹ አካባቢ ከጕድጓድ የሚቀዳው ውሃ በብዙ ስፍራ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው፣ ማለት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም፣ የበለጠ ፍሎራይድ አለበት። በወንጂ የስኳር እርሻ ያን ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች ከጥርሳቸው አልፎ አከርካሪያቸው እስኪደርቅ የታመሙበትን ሁኔታ እነ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት አጥንተው ጽፈውበታል። ይህ ሁሉ ሲሆን በወንበሬ ላይ የሚቀመጠው ወጣት ዛሬም የሚለኝ «ልጅ ሆኜ በደንብ ስላልፋቅሁት ነው ዶክተር» ነው፤ በከሰልና በሎሚ ሲፈትገው ኖሮ ኢናሜሉን አሳስቶ ይመጣል። ነቁጡ ጥርሱ ገና በመንጋጋ ውስጥ ሲሠራ የገባ እንጂ በኋላ የተለጠፈ እድፍ አለመሆኑን ስነግረው አያምነኝም። ቀለል ያለውን ግን የላዩን ስስ ገጽ በአሲድና በፑሚስ ዱቄት አሽቶ ማሳመር ይቻላል፤ ለዚህም ስካነር አያስፈልግም።

እንግዲህ ፍሎሮሲስ፣ ማለት ይህ ፍሎራይድ ያመጣው ነቁጥ፣ ያለበት ኢናሜል አሲድ ስለሚቋቋም ማጣበቂያ በሚገባ እንደማይዝለት በሥራው ያየ የእኛ ተማሪ፣ ባሕር ተሻግሮ «እናንተ አሲዱን በእንዲህ ያለ ጥርስ ላይ ምን ያህል ጊዜ ታቆዩታላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የልጆቹን ዕድሜና የውሃቸውን የፍሎራይድ ልክ ከፎቶግራፉ ጋር ይዞ ቢቀርብ፣ በሥዕል ብቻ የሚያውቁት መምህራን ወንበር ስበው የሚያዳምጡት ይመስለኛል።

ዘንድሮ ለመሄድ የተመረጡት ከመነሣታቸው በፊት ከገዛ ክሊኒካቸው የወጣ አንዳንድ ጥያቄ በጽሑፍ እንዲያቀርቡልኝ አዝዤ ነበር። አቀረቡ። የሚበዙት የስካነሩን ዋጋ፣ አንዱ የሆቴሉን ርቀት፣ ሌላው ደግሞ የምስክር ወረቀቱ በማን እንደሚፈረም ይጠይቃሉ። ወረቀቶቹን መልሼላቸዋለሁ፤ እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ።