ቅጂው ከዋናው ሲበልጥ

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ይባላል። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ በደንብ የገባኝ ግን ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት መሥሪያ ቤት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ያፈሰስኩት ታዲያ ጤፍ አይደለም። 5.4 ጊጋባይት መረጃ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ “የጋዜጠኝነት ተማሪ ከዳታቤዝ ምን አላት?” ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ግን ማናችንም ብንሆን ነገ በምንቀጠርበት ዝግጅት ክፍል ያለ ዳታቤዝ መሥራት የምንችል አይመስለኝም። ስለዚህ ያጠፋሁትን ሳልደብቅ፣ የተማርኩትንም እንደገባኝ ላካፍላችሁ።

የተመደብኩበት መሥሪያ ቤት በጋዜጣና በሬዲዮ የሚወጡ ዜናዎችን በየቀኑ እያሳጠረ ይመዘግባል። የእኔ ሥራ ማጠቃለያዎቹን ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ነበር። በዓመታት የተጠራቀመው መዝገብ 1,200,000 ያህል ማጠቃለያ ደርሷል። መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ሲከፍት እዚያ ያሉትም ባልደረቦች ይህንኑ መዝገብ እንዲጠቀሙ ተፈለገ። ሁለቱን ቢሮዎች የሚያገናኘው መስመር ግን በሰከንድ 2 ሜጋቢት ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። አንድ ነገር በፈለጉ ቁጥር አዲስ አበባ ያለውን ሰርቨር ከሚጠብቁ፣ እዚያው የራሳቸው ቅጂ ቢኖራቸው ይሻላል ተባለ። ይህ አሠራር ሬፕሊኬሽን ይባላል።

ሬፕሊኬሽን እንዴት ይሠራል?

ሬፕሊኬሽን ማለት አንድን የመረጃ ቋት ሌላ ቦታ ላይ በቅጂ ማስቀመጥ፣ ዋናው በተለወጠ ቁጥርም ቅጂው አብሮ እንዲለወጥ ማድረግ ነው። እኛ እንጠቀምበት የነበረው ኤስኪውኤል ሰርቨር የተባለው የማይክሮሶፍት ሶፍትዌር ነው። ደስ ያለኝ ነገር፣ ሶፍትዌሩ ለዚህ ሥራ የሚጠቀምባቸው ቃላት በሙሉ ከእኛ ሙያ የተወሰዱ መሆናቸው ነው። መረጃውን የሚያወጣው ሰርቨር “አሳታሚ” ይባላል። መሐል ሆኖ የሚያስተላልፈው “አከፋፋይ”፣ የሚቀበለው ደግሞ “ደንበኛ” ነው። እያንዳንዱ ሠንጠረዥ እንደ አንድ “ጽሑፍ” ይቆጠራል፤ የሠንጠረዦቹ ስብስብም “ኅትመት” ይባላል።

እንግዲህ አንድ ሰው ዛሬ የጋዜጣ ደንበኛ ሆነ እንበል። የዛሬውን እትም ብቻ ብንሰጠው ያለፈውን አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ እስካሁን የወጣውን በሙሉ በአንድ ጥራዝ እንሰጠውና ከዚያ በኋላ በየቀኑ አዲሱን ብቻ እንልክለታለን። ስናፕሾት የሚባለው ያ የመጀመሪያው ጥራዝ ነው። ሰርቨሩ በአንድ ወቅት ያለውን መረጃ በሙሉ ወደ ፋይል ገልብጦ፣ ስሙ ዓመተ ምሕረቱን፣ ወሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን በአኃዝ የያዘ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ደንበኛው ይወስደዋል።

ፎልደሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሠንጠረዥ የተለያዩ ፋይሎች አሉ። አንዱ የሠንጠረዡን አሠራር ይገልጻል። ቢሲፒ የሚል ቅጥያ ያለው መረጃውን ራሱን ይይዛል። አይዲኤክስ የሚል ቅጥያ ያለው ኢንዴክሶቹን ይመለከታል፤ ነገር ግን ይህኛው የሚይዘው ኢንዴክሱን ሳይሆን “እንዲህ አድርገህ ሥራው” የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። ኢንዴክሱን ደንበኛው ቦታው ላይ እንደገና ይሠራዋል። በዚህ ምክንያት ስናፕሾቱ ከዋናው የመረጃ ቋት አነስ ይላል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። የእኛ የመረጃ ቋት 2 ጊጋባይት ገደማ ነበር። ስለዚህ ጥራዙ ከዚያ በታች ይሆናል ብለን ነበር ያሰብነው።

ያ ሰኞ ጠዋት

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ የማለዳውን የሬዲዮ ዜና ቀድቼ ላስቀምጥ ስል ኮምፒውተሩ ዲስኩ ሞልቷል አለኝ። ሰርቨሩ ላይ ያለው ክፍል 40 ጊጋባይት ነው። ስከፍተው የስናፕሾት ፎልደሮች ብቻ 38 ጊጋባይት ሊሞሉ ምንም አልቀራቸውም። የመረጃ ቋቱን የሚያስተዳድሩት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ለሥራ ወጥተዋል፤ የሚመለሱት ማክሰኞ ነው። ሬዲዮው ደግሞ አይጠብቅም።

በቃ፣ አንዱን ልሰርዝ አልኩ። የቆዩትን መንካት ፈራሁ፤ ዋናው እዚያ ውስጥ ያለ መሰለኝ። ስለዚህ የመጨረሻውን፣ የእሑድ ማታውን መረጥኩ። አንዱ ፋይል “በሌላ ፕሮግራም ላይ ተከፍቷል” ብሎ አልሰረዝም አለኝ። እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን እሱን ትቼ ሌሎቹን አጠፋሁ፣ ዲስኩም ቦታ አገኘ፣ ቅጂዬንም አስቀምጬ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ለካ ያ ፋይል የተከፈተው ባሕር ዳር እየወሰደው ስለነበር ነው! ደንበኛው ከእሑድ ማታ ጀምሮ በዚያ ቀጭን መስመር ጥራዙን ሲጎትት አድሯል። ግማሽ መንገድ ላይ ፋይሎቹን አጠፋሁበት።

ከሰዓት በኋላ የባሕር ዳሯ ባልደረባችን ደወለች። “እህቴ፣ ካቻምና ስለ ውኃው ፕሮጀክት የተገባው ቃል የት ነው ያለው? መዝገቡ እኮ ባዶ ነው” አለችኝ። ዜናዋ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ መግባት ነበረበት። ምን ልበላችሁ፣ አልደረሰላትም። ዜናው የካቻምናውን ቃል ሳያነሳ፣ አዲስ ቃል ብቻ ይዞ ወጣ። አንድ ባለሥልጣን በቀላሉ ያለፈው በእኔ ችኮላ ነው ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

ጋሼ ማክሰኞ ሲመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። “ልጄ፣ ትልቅ ነው ብለሽ አትሰርዢ። መጀመሪያ ምኑ ነው ትልቁ በይ” አሉኝና ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ጠየቅን።

አንደኛ፦ ስንት ቅጂ ነው ያለው?

ፎልደሮቹን ስንቆጥር እኔ ያጠፋሁትን ጨምሮ ሰባት ነበሩ። እያንዳንዱ 5.4 ጊጋባይት፣ በሰባት 37.8 ጊጋባይት መሆኑ ነው። ስለዚህ ዲስኩን የሞላው አንድ ግዙፍ ቅጂ ሳይሆን ሰባት ቅጂ ነው። ለምን ሰባት? ሁለት ምክንያት አገኘን።

አንዱ፣ ስናፕሾቱ በየማታው እንዲሠራ መታዘዙ ነው። በዚያ ላይ “ኢሚዲየት ሲንክ” የሚባለው ምርጫ በርቷል። ይህ ምርጫ ሲበራ ሰርቨሩ “ማን ያውቃል፣ አዲስ ደንበኛ ሊመጣ ይችላል” ብሎ ስናፕሾቱን አዘጋጅቶ ያቆያል። ምርጫው ሲጠፋ ግን አዲስ ቅጂ የሚጠብቅ ደንበኛ ከሌለ ሥራው ቢጀመር እንኳ ምንም ሳያወጣ ያቆማል።

ሁለተኛው ምክንያት የጽዳት ሥራው መሰናከሉ ነው። አከፋፋዩ ላይ በየ10 ደቂቃው እየተነሣ ያረጀውን የሚያጸዳ ሥራ አለ፤ ካልተለወጠ በቀር የማቆያው ጣሪያ 72 ሰዓት ነው። የሥራውን ታሪክ ስንከፍት ፎልደሩን ማጥፋት እንዳልቻለ የሚገልጽ፣ ቁጥሩ 20015 የሆነ የስህተት መልእክት ተደርድሯል። ሰርቨሩ የሚሠራበት አካውንት በዚያ ፎልደር ላይ የመጻፍ እንጂ የመሰረዝ ፈቃድ አልተሰጠውም። ፈቃዱ ሲሰጠው ያረጁት ፎልደሮች በራሳቸው ጊዜ ጠፉ። እኔ በእጄ መሰረዝ አልነበረብኝም ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ የትኛው ሠንጠረዥ ነው?

ይህ ግን አንዱ ቅጂ ራሱ ከዋናው ለምን እንደበለጠ አይመልስም። ፎልደሩን ከፍተን ፋይሎቹን በመጠን ደረደርናቸው። የማጠቃለያው ሠንጠረዥ ቢሲፒ ብቻውን 5 ጊጋባይት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። የቀሩት ሠንጠረዦች ተደምረው 600 ሜጋባይት እንኳ አይሞሉም። ጥርጣሬያችን ከሃያ ሠንጠረዥ ወደ አንድ ወረደ።

ጋሼ እንደነገሩኝ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ የሚገኘው ጥፋተኛ ፎቶግራፍ ወይም ሰነድ እንዳለ የተቀመጠበት ዓምድ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ለደንበኛው ምንም የማይጠቅም የክትትል ሠንጠረዥ በስህተት ኅትመቱ ውስጥ ይገባል። የእኛ ግን ጽሑፍ ብቻ ነው። ያውም አጭር ጽሑፍ።

ሦስተኛ፦ በምን መልክ ነው የተጻፈው?

ጋሼ ሁለት ትእዛዝ ጻፉ። “ሌን” የተባለው በአንድ ማጠቃለያ ውስጥ ስንት ፊደል እንዳለ ይቆጥራል፤ በመጨረሻ ያሉትን ባዶ ቦታዎች ግን አይቆጥርም። አማካዩ 90 ፊደል ሆነ። “ዳታሌንግዝ” የተባለው ደግሞ ባዶውን ሳይለይ ስንት ባይት እንደተያዘ ይናገራል። እሱ በሁሉም ረድፍ 4,000 አለ። አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይተርፍ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሠንጠረዡን የሠራው ሰው የማጠቃለያውን ዓምድ “ኤንቻር 2000” ብሎታል። ይህ ዓይነት ዓምድ ርዝመቱ አይለወጥም። 2,000 ሳጥን ያለው ቅጽ እንደማለት ነው፤ 90ውን ብትሞሉ የቀሩት 1,910 ሳጥኖች በባዶ ቦታ ይሞላሉ። በዚህ ዓምድ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 2 ባይት ይይዛል፤ ባዶ ቦታውም እንዲሁ። 2,000 በ2 ሲባዛ 4,000 ባይት፣ ያ ደግሞ በ1,200,000 ረድፍ ሲባዛ 4.8 ጊጋባይት ይሆናል። ከቀሩት 600 ሜጋባይት ጋር 5.4። ሒሳቡ ገጠመ!

ታዲያ ዋናው የመረጃ ቋት እንዴት 2 ጊጋባይት ብቻ ሆነ? ከዓመታት በኋላ ዲስክ ሲጠብ ሌላ ባለሙያ ሠንጠረዡን እንዲታመቅ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ስሪት ጀምሮ ኤስኪውኤል ሰርቨር ረድፎችን ማመቅ ይችላል፤ ሲያምቅም ትርፍ ባዶ ቦታዎችን አያስቀምጥም። ወደ ቢሲፒ ፋይል ሲገለብጥ ግን መረጃው የሚጻፈው ሳይታመቅ ነው። ጆንያ ውስጥ የተጠቀጠቀ ጥጥ ሲዘረገፍ ክፍሉን እንደሚሞላው ማለት ነው። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ነበሩ። 2 ጊጋባይት የታመቀው፣ 5.4 የተዘረገፈው።

“ስናፕሾቱንስ ማመቅ አይቻልም?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ይቻላል፣ ካብ የተባለ የማሸጊያ ዓይነት አለ አሉኝ። ነገር ግን እያንዳንዱ ፋይል ከመታሸጉ በፊት ከ2 ጊጋባይት ማነስ አለበት፤ የእኛ ከዚያ አልፏል። ደግሞስ ባዶ ቦታ ለማሸግ ምን አደከመን?

መፍትሔው

ባሕር ዳር ገና ምንም ስላልተቀበለ ኅትመቱን አፍርሰን ከመጀመሪያው ጀመርን። ዓምዱን “ኤንቫርቻር” ወደሚባለው፣ እንደ ጽሑፉ ርዝመት ወደሚለዋወጠው ዓይነት ቀየርነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ዓይነቱ ቢቀየርም ቀድሞ የገቡት ባዶ ቦታዎች በራሳቸው አይጠፉም። “አርትሪም” በተባለው ትእዛዝ ከየረድፉ መጨረሻ መቁረጥ ያስፈልጋል። ይህንን ኅትመቱ ቆሞ እያለ ብናደርገው ኖሮ 1,200,000 ለውጥ አንድ በአንድ በዚያው ቀጭን መስመር ይጓዝ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ አጸዳን፣ ከዚያ ኢሚዲየት ሲንክን አጥፍተን ኅትመቱን እንደገና ሠራን፣ የየማታውንም መርሐ ግብር ሰረዝን።

90 ፊደል በ2 ባይት 180 ባይት ነው፤ በ1,200,000 ሲባዛ 216 ሜጋባይት። ከሌሎቹ ሠንጠረዦች ጋር አዲሱ ስናፕሾት 800 ሜጋባይት ያህል ሆነ። የድሮው፣ መስመሩ ለሰከንድ እንኳ ባይቋረጥ 6 ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ይህኛው ከአንድ ሰዓት በታች ይበቃዋል። ረቡዕ ከምሳ በፊት ባሕር ዳር ደረሰ።

ለማጠቃለል፣ ስናፕሾት ከጠበቃችሁት በላይ ሲሆንባችሁ ስንት ቅጂ እንዳለ ቁጠሩ፣ ትልቁን ፋይል ለዩ፣ ከዚያ በውስጡ ያለው መረጃ በዋናው ቦታና በፋይሉ ላይ በምን መልክ እንደተጻፈ አነጻጽሩ። ሦስቱ ሳይመለሱ ምንም አትሰርዙ። አልሰረዝም የሚል ፋይል ካጋጠማችሁማ እጃችሁን አንሱና ማን እንደከፈተው ጠይቁ።

ይህ ለኮምፒውተር ሰዎች ብቻ አይመስለኝም። በዜና አጻጻፍ ክፍል “ቁጥር ሲሰጣችሁ ምን ምን እንደተቆጠረ ጠይቁ” ስንባል በማስታወሻ ደብተሬ ጽፌ አልፌው ነበር። ያ 38 ጊጋባይት ፊቴ ሲቆም ግን አልጠየቅሁም። የባሕር ዳሯ ባልደረባችን ረቡዕ ከሰዓት የካቻምናውን ቃል አግኝታ ለሚቀጥለው ሳምንት ተከታይ ዜና ሠራችበት። ደውላም ነገረችኝ። እኔም ይቅርታዬን ያን ጊዜ ነው የጠየቅኋት።

ቸር ይግጠመን።