«አድኃሪ»፦ ከግእዝ ግንድ እስከ አብዮት አደባባይ

«አድኃሪ»ን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከመፈክር ነው፤ ሥሩ ግን ግእዝ ነው። «ድኅረ ምረቃ» ስንል «ድኅረ» በኋላ ማለት ነው። ከዚያው ግንድ የበቀለው «አድኃሪ» ደግሞ ወደ ኋላ የሚያስቀር፣ የሚጎትት ማለት ነው። ከፊቱ ያለችው «አ» ቀላል አይደለችም። «ኋላ ቀር» የተባለ ሰው ራሱ ቀረ፤ «አድኃሪ» የተባለው ግን ሌላውን አስቀረ። የፊተኛው ጉድለት ነው፤ የኋለኛው ክስ ነው።

ሐሳቡ የተወለደው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1789 አብዮቱ ፈነዳ፤ በ1794 የአብዮቱ መሪ ሮቤስፒዬር ወደቀ። በዚያ ግርግር አብዮቱን መቀልበስ የሚሹ ሰዎች «ሪአክሲዮኔር» ተባሉ። ማርክስና ኤንግልስም በ1848 ባወጡት የኮሚኒስት ማኒፌስቶ ቃሉን ሠሩበት፤ ከዚያ በኋላ በሶሻሊስቶች አንደበት ዓለምን ዞረ።

እኛ ዘንድ በ«አድኃሪ» የተተረጎመው ይህ ቃል ከተማሪዎች ክርክር ተነሥቶ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ቀበሌ ገባ። መጀመሪያ ላይ የሚያመለክተው ነገር ነበረው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ አዋጁን በጠመንጃ የተቃወመ ባለርስት «አድኃሪ» ቢባል የተቃወመው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ቃሉ የተበላሸው ድንበሩን ሲያጣ ነው። ኢሕአፓም መኢሶንም ሶሻሊዝምን የሚሹ፣ ማርክስን የሚጠቅሱ ድርጅቶች ነበሩ። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ጠየቀ፤ መኢሶን ለወታደራዊው መንግሥት ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ ሰጠ። ጥያቄው ሥልጣኑን ማን ይያዝ የሚል ሆኖ ሳለ፣ ተፎካካሪው ሁሉ የአብዮት ጠላት ተባለ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለማርያም በአብዮት አደባባይ ደም የመሰለ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን ከሰከሱ። ቀይ ሽብሩ ሲፋፋም «አድኃሪ» እና «ፀረ አብዮት» መባል ሞት ያስከትል ነበር። ለውጥ የናፈቀ ወጣት ለውጥን በመቃወም ተወንጅሎ ተገደለ።

ደርግ ሲወድቅ ቃሉ ደበዘዘ፤ ሥራው ግን ወራሽ አላጣም። በኢሕአዴግ ዘመን «የድሮ ሥርዓት ናፋቂ»፣ ከ2010 ወዲህ ደግሞ «ለውጥ ቀልባሽ» ተባለ።

እነዚህን ቃላት ከ«ወግ አጥባቂ» መለየት ይገባል። ወግ አጥባቂ የነበረው በችኮላ እንዳይፈርስ ይሠጋል፤ ለውጡ በዝግታ ቢመጣ ሊቀበለው ይችላል። አድኃሪ በትክክለኛ ትርጉሙ የፈረሰውን መልሶ ሊተክል የሚታገል ነው። ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ሰው አለ፦ ለውጡን ወዶ የአካሄዱን ስሕተት የሚናገር። በታሪካችን ስሙን በግፍ የተሸከመው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሰው ነው።

ስለዚህ ቃሉን የሚያነሣ ሰው ሁለት ነገር ይመልስ፦ ሰውዬው የተቃወመው የትኛውን ለውጥ ነው? የተቃወመውስ በምን ምክንያት? «አድኃሪ» ወደ ኋላ የሚጎትት ይላል እንጂ ፊቱ በየት በኩል እንደሆነ አይናገርም። ያን ማስረዳት የተናጋሪው ዕዳ ነው፤ ባልተከፈለ ጊዜ ስንት ቤት ሐዘን እንደተቀመጠ አይተናል።