ጠገራ ብር የት ተሠራ?

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ከአያት የወረስነው ጠገራ ብር በየሣጥናችን ይገኝ ይሆናል። በብሩ ላይ ያለችው ማርያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ንግሥት ነበረች። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ሞተች። ብሩም ላይ 1780 ተጽፏል።

ነገር ግን ብሩ ከዚያ በኋላም በቪየና፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ ተሠርቷል። ጣሊያንም አገራችንን በወረረበት በአውሮፓ 1935 በሮም አሠርቷል። ሁሉም የሚጽፉት ያንኑ 1780 ነው። ስለዚህ ዓመቱን አይተን ሠሪውን ማወቅ አንችልም።

ታዲያ በምን እንለያለን? የንስሩን የጅራት ላባና በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ አስተውለን እንይ። የየአገሩ አሠራር በጥቂቱ ይለያያል።

እውነተኛው ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ጠርዙም ዙሪያውን ፊደል አለው። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ እንጠርጥር። ነጋዴ ቢያጣድፈንም ሳናስመዝንና ሳናነብ አንሽጥ።