ባልጩቱ ባለበት ይቆይ
የአንድ ታኅሣሥ ቀን ጉዞ ወደ መልካ ቁንጡሬና ጢያ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው አዋሽን ይሻገርና መልካ ቁንጡሬ ይደርሳል። መንገደኛው በዚያ የሚያየው የጤፍ አውድማ፣ የሚግጡ ከብቶችና ወንዙ የቦረቦረው ገደል ነው። ሆኖም ይህ ገጠር የሰው ልጅ የሁለት ሚሊዮን ዓመት ታሪክ ንጣፍ በንጣፍ የተቀመጠበት መዝገብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከአጎራባቹ ባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በታኅሣሥ ወር ተማሪዎቻችንን ይዘን ወደዚያ የወጣነው አንድ ጥያቄ አንሥተን ነው፤ የጥንት ዕቃ ዕድሜ የሚታወቀው እንዴት ነው?

ማለዳው ብርዳም ነበር። በበጋ ሌሊት ሰማዩን ደመና ስለማይሸፍነው፣ መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት በኢንፍራሬድ ጨረር መልክ ወደ ጠፈር ትለቃለች። ሥፍራው ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ በመሆኑም ደረቁና ስሱ አየር ሙቀቱን ይዞ ማቆየት አይችልም። በዚህ ከፍታ ላይ ቅድመ አያቶቻችን ጥንትም ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ጋርባ በተባለው ሥፍራ የተገኘው የሕፃን መንጋጋ የሆሞ ኢሬክተስ መሆኑንና ዕድሜውም ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት እንደሚጠጋ በ2023 የታተመ ጥናት አመልክቷል።

ወደ ገደሉ ስንወርድ አሸዋ፣ ጠጠርና የእሳተ ገሞራ አመድ ተደራርበው ይታያሉ። ለፊዚክስ ባለሙያ አመዱ ሰዓት ነው። በውስጡ ያለው ፖታሲየም 40 ራዲዮአክቲቭ ሲሆን ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ከሚፈርሱት አቶሞች ከመቶ 11 ያህሉ ወደ አርጎን 40 ይለወጣሉ። አርጎን ጋዝ በመሆኑ ዓለቱ ቀልጦ ሳለ ያመልጣል፤ ዓለቱ ከጠነከረ በኋላ ግን በማዕድኑ ክሪስታል ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ የታሰረውን አርጎን ከቀረው ፖታሲየም ጋር በማነጻጸር እሳተ ገሞራው የፈነዳበት ዘመን ይሰላል። ጎምቦሬ በተባለው ሥፍራ የሕፃናት ጭምር የእግር ዱካ የተገኘበትን ወለል የሸፈነው የአመድ ንጣፍ 700,000 ዓመት ገደማ እንደሆነው የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው።

ከተማሪዎቻችን አንዷ ከመንገዱ ዳር የሚያብረቀርቅ ጥቁር ባልጩት አየችና፣ «መምህር፣ ይህን ወደ ላቦራቶሪ ወስደን ብንለካው ማን መቼ እንደ ጠረበው አናውቅም?» ስትል ጠየቀች። የጉዞው ዋና ትምህርት በዚህ ጥያቄ ውስጥ አለ።

ባልጩት በፍጥነት የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው። አቶሞቹ በክሪስታል ሥርዓት ስላልተደረደሩ በየትኛውም አቅጣጫ ሊሰበር ይችላል፤ ጠርዙም እንደ ምላጭ ይስላል። በስምቢሮ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የእጅ መጥረቢያ የተሠራው ከዚህ ድንጋይ ነው። የባልጪት ባልጩት ግን ከመሬት ውስጥ የወጣው ከአራት ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ድንጋዩን ብንለካ የምናገኘው የእሳተ ገሞራውን ዘመን እንጂ የጠራቢውን እጅ ዘመን አይደለም። የጠራቢው ዘመን የተጻፈው ዕቃው በተቀመጠበት ንጣፍ ነው። ከበላዩና ከበታቹ ያለው አመድ ሲለካ ዕቃው በሁለቱ መካከል ይውላል። ከንጣፉ ተነሥቶ ኪስ የገባ ባልጩት ግን ዕድሜውን የሚመሰክርለት የለም።

ከሰዓት በኋላ መንገዳችንን ወደ ደቡብ ቀጥለን ጢያ ደረስን። በ1980 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚህ ሥፍራ ካሉት 36 ትክል ድንጋዮች 32ቱ ጎራዴንና ሌሎች ምልክቶችን የያዙ ናቸው። እዚህም ሕጉ ያው ነው። የዓለቱ ዕድሜ የቀራጩን ዘመን አይነግረንም። ከድንጋዮቹ ሥር የተቀበሩት ሰዎች ግን በሕይወት ሳሉ ካርቦን 14 ከምግባቸው ይወስዱ ነበር፤ ሲሞቱ መውሰዱ ቆመ፤ የነበረውም በ5730 ዓመት በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። መቃብሮቹ የመካከለኛው ዘመን መሆናቸው የታወቀው ትክሉና አፅሙ በአንድነት በመገኘታቸው ነው።

አዋሽ በየክረምቱ ገደሉን ይሸረሽራል፤ አዳዲስ ዕቃዎችን ይገልጣል፣ ሌሎችንም ይዞ ይሄዳል። ወንዙን ማቆም አንችልም፤ እጃችንን መሰብሰብ ግን እንችላለን። ውድ አንባብያን፣ ወደዚያ ስትጓዙ የተጠረበ ድንጋይ ካያችሁ ፎቶግራፍ አንሡ፣ የተቀመጠበትን ቦታ መዝግቡ፣ ለቅርሱ ጠባቂዎችም አመልክቱ። ድንጋዩን ግን ባለበት ተዉት፤ የሚቀጥለው ትውልድ ከእኛ የተሻለ መሣሪያ ይዞ ሊጠይቀው ይመጣልና።