የግቢ ሣር እንደ ምድሩ ጠባይ

በአዲስ አበባ ቤት ሠርቶ ያጠናቀቀ ሰው፣ አጥሩ ቆሞ በሩ ከተገጠመ በኋላ ዐይኑ የሚያርፈው ግንበኞች ረግጠው ባጠነከሩት ባዶ ግቢ ላይ ነውና፣ ይህን ግቢ ሐመልማል ለማልበስ ሲያስብ አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው የሣሩን ውበት ሳይሆን የምድሩን ጠባይ ነው። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠቃሎ ስለሚወርድ፣ ያው አንዱ ሣር በአንድ ዓመት ውስጥ መስጠምንም መጠማትንም ይቀምሳልና።

የከተማይቱ ምድር በአመዛኙ ሁለት ወገን ነው። በእንጦጦ ተዳፋት የሚገኘው ቀይ አፈር ውኃን አሳልፎ የሚሰድ፣ ለመቈፈርም የሚመች ሲሆን፣ በቦሌና በአቃቂ ሜዳ የተንጣለለው ጥቁር ዋልካ ግን በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ካበጠም በኋላ ቀዳዳው ስለሚደፈን የቀረው ዝናብ በላዩ ይተኛል፣ የሣሩም ሥር አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ በበጋ ደግሞ ተሰንጥቆ ያንኑ ሥር ይበጥሳል። የረጠበ አፈር በመዳፍ ሲታሽ ሳይቈረስ እንደ ቀጭን ገመድ ከተጠቀለለ፣ ዋልካ መሆኑ በዚህ ይታወቃል። የደጋው ገበሬ ሹሩቤ የተባለ መደብና ቦይ አውጥቶ ሲያርስ፣ የሰሜን ሸዋው የእነዋሪ ሰውም አፈሩን በእጁ እያፈሰ መደቡን ከፍ፣ ቦዩን ዝቅ ሲያደርግ የኖረው ውኃው ከሥሩ እንዲሸሽ ነውና፣ የግቢውም ሣር በዚሁ ሕግ ይተዳደራል፤ ይኸውም መሬቱ ከቤቱ መሠረት ወደ ውጭ በየ10 ሜትሩ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ሄዶ በዳርቻው ያለ ቦይ ውኃውን እንዲቀበል ነው።

ስለ ሣሩ ምርጫ፣ ኪኩዩ የተባለው ጥንተ ተፈጥሮው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ከትውልድ አገሮቹ አንዷ ናት። አበባውን በቅጠሉ ሰገባ ውስጥ ሰውሮ ይይዛል፤ የሚባዛውም ይበልጡን በምድር ላይ በሚሳበው ግንዱ ነው፤ ወደ አውስትራሊያ ተወስዶ በብዙ ስፍራ አረም እስከ መባል የደረሰውም በዚሁ የመሳብ ኀይሉ ነው። ሰርዶ ደግሞ ቅጠሉ ቀጭን፣ ሥሩ ጥልቅ፣ ድርቅንም ታጋሽ ነው፤ ነገር ግን ሙቀት ወዳጅ ስለ ሆነ ለአዳማና ለድሬዳዋ ይበልጥ ይስማማል። ሁለቱም ጽኑ ጥላ አይወዱምና፣ ከባሕር ዛፍ ሥር የተተከለ ሣር ብርሃኑንም ውኃውንም በዛፉ ተነጥቆ ይመነምናል።

ሥራው በግንቦት ሊጀመር ይገባዋል። አስቀድሞ የሲሚንቶው ፍርፋሪ፣ ድንጋዩና የእንግጫው ሥር ተለቅሞ ይወጣል፤ ቀጥሎም መሬቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቈፍሮ የበሰለ ፍግ ይቀላቀልበታል፤ ይህም ቀዩን አፈር ያዳብረዋል፣ ዋልካውንም ያላላዋል። ቀዩ አፈር ብዙ ጊዜ ኮምጣጣ ስለ ሆነ ጥቂት የምድጃ አመድ ቢነሰነስበት ይጠቅማል፤ ዋልካን አላላለሁ ብሎ ጥቂት አሸዋ የሚደባልቅ ሰው ግን ሲደርቅ የባሰ ጠጣር ምድር ያገኛል። ዝናቡ በሰኔ ሲጸና፣ ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ያለው የሣሩ ግንድ ቁራጭ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር እየተራራቀ፣ አንጓው ተቀብሮ ጫፉ ብቅ ብሎ ይተከላል፤ ሥሩ የሚወጣው ከአንጓው ነውና። ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ሲደርስም በማጭድ ወይም በሣር ማጨጃ መኪና ይታጨዳል፤ ሥሩን የሚመግበው ቅጠሉ ስለ ሆነ ግን በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ ሊቈረጥ አይገባም።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ሣሩ የሚፈተነው በበጋ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ሣር በደረቁ ወራት በቀን ከ3 እስከ 5 ሊትር ያህል ውኃ ስለሚፈልግ፣ 100 ካሬ ሜትር የተከለ ሰው በየቀኑ ሁለት በርሜል ገደማ ሊያወጣለት ነው። ስለዚህ አስተዋይ ባለ ግቢ የመስኩን ስፋት የሚወስነው በሐምሌ ልምላሜ ተደስቶ ሳይሆን በጥር ቧንቧው የሚሰጠውን ውኃ ቈጥሮ ነው፤ የቀረውንም ግቢ ለጠጠር መንገድና እንደ እሬት ላለ ጥምን ለሚችል ተክል ይተወዋል።