የኤሌክትሪክ መኪናና የቤት ፀሐይ ኃይል በኢትዮጵያ

የኤሌክትሪክ መኪና ቤንዚን ወይም ናፍጣ በሚያቃጥል ሞተር ፋንታ፣ በባትሪ ውስጥ በተጠራቀመ ኤሌክትሪክና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በኢትዮጵያ፣ በተለይም በአዲስ አበባ፣ ቁጥሩ በፍጥነት ጨምሯል። ይህ መጣጥፍ መኪናውን ስለ መግዛት፣ ቤት ውስጥ ቻርጅ ስለ ማድረግና ከጣሪያ ላይ ከሚገኝ የፀሐይ ኃይል ጋር ስለ ማገናኘት ያትታል።

ሁለት መለኪያዎች በመላው ጽሑፍ ስለሚመላለሱ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ኪሎዋት ኤሌክትሪክ የሚፈስበት ፍጥነት ሲሆን ከቧንቧ ከሚወርድ ውኃ ጋር ይመሳሰላል። ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ በበርሜሉ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ነው። 2 ኪሎዋት ለ3 ሰዓት ሲፈስ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የመኪና ባትሪ መጠንና የመብራት ቆጣሪ የሚለኩት በኪሎዋት ሰዓት ነው።

አመጣጥ

በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ማራቶን ሞተር በአገር ውስጥ የገጣጠመው ሁንዳይ አዮኒክ የኤሌክትሪክ መኪና ለሕዝብ ታየ። ገበያው የተከፈተው ግን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የገንዘብ ሚኒስቴር ባወጣው ውሳኔ መሠረት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኑ። የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ተበታትኖ ገብቶ እዚህ ለሚገጣጠም ደግሞ ዜሮ ተደረገ። የታክስ ሕጎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ ገዢው በሚገዛበት ወቅት ሥራ ላይ ያለውን ማጣራት ይኖርበታል። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቁ። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በመከልከል በዓለም የመጀመሪያዎቹ ተርታ የተሰለፈችው በዚህ ነው።

ምክንያቱ የውጭ ምንዛሪ ነው። አገሪቱ የተጣራ ነዳጅ በሙሉ ከውጭ ትገዛለች፣ ኤሌክትሪኳን ግን ከ90 በመቶ በላይ ከራሷ ወንዞች ታመነጫለች። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳቱ፣ በማደያዎች የሚታየው ሰልፍ፣ እንዲሁም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ የቤተሰቡንም ሒሳብ ወደ ኤሌክትሪክ ያጋደሉ ነገሮች ናቸው።

በገበያው ላይ ያሉ መኪኖች

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ በቻይና የተሠሩ ናቸው። ከትናንሾቹ ቢዋይዲ ሲጋል፣ ከትልልቆቹ የቮልክስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 በስፋት ይታወቃሉ። አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ሞዴል ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የመጣውም በአምራቹ ወኪል ሳይሆን በአስመጪ ነጋዴዎች በኩል ነው።

ይህ ለገዢው ትልቅ ትርጉም አለው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ማያ ገጹ በቻይንኛ ሊሆን ይችላል። የስልክ መተግበሪያው የቻይና ስልክ ቁጥር ሊጠይቅ፣ የሶፍትዌር ማሻሻያውም ከቻይና ኔትወርክ ውጭ ላይደርስ ይችላል። በገበያው "ቋንቋ ይቀየርልሃል" የሚባለው አገልግሎት አንዳንዴ የማያ ገጹን ሶፍትዌር በሌላ መተካት ማለት ነው። ይህ ሲደረግ ማን እንደሠራውና ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከሁሉ በላይ የአምራቹ የባትሪ ዋስትና፣ ብዙ ጊዜ 8 ዓመት የሚባለው፣ ወኪል በሌለበት አገር በተግባር ላይኖር ይችላል። ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ውዱ ባትሪው ስለሆነ ከሻጩ በጽሑፍ የሚያዝ ዋስትና ከቆዳ ወንበርና ከጣሪያ መስታወት ይበልጣል።

ሌላው የመሰኪያው ዓይነት ነው። የቻይና መኪኖች ጂቢ/ቲ የተባለውን የቻይና ደረጃ ይጠቀማሉ። ለአውሮፓ የተሠሩት ግን ሌላ መሰኪያ አላቸው። ለዝግተኛው ቻርጅ የሚያገለግሉት የሁለቱ መሰኪያዎች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ወንዴና ሴቴው ስለተገላበጠ ግን አንዱ በሌላው አይገባም። በሕዝብ የቻርጅ ጣቢያ ለመጠቀም የሚያስብ ሰው ጣቢያው የመኪናውን መሰኪያ የሚይዝ መሆኑን ያያል። ከጣቢያዎቹ መካከል ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከፈተው ፈጣን ጣቢያ ክፍያውን በቴሌብር ይቀበላል። ከዋና ከተማው ውጭ ጣቢያዎች ስለሚሳሱ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ቻርጅ የሚያደርግበትን አስቀድሞ ያረጋግጣል።

ባትሪና የጉዞ ርቀት

በብዛት ያሉት የባትሪ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የተባለው ለተመሳሳይ ጉልበት ከበድ ይላል፣ ነገር ግን ሙቀትን በተሻለ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ቢሞላም ቶሎ አያረጅም። የቢዋይዲ ባትሪዎች ከዚህ ወገን ናቸው። ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ሁለተኛው ዓይነት ቀላልና ብዙ ጉልበት የሚይዝ ነው፤ ሁልጊዜ እስከ 100 በመቶ መሞላትን ግን አይወድም። ለዚህኛው በአዘቦት ቀን 80 በመቶ አካባቢ ማቆም ይመከራል። የመጀመሪያው ግን በየሳምንቱ ገደማ አንዴ እስከ 100 እንዲሞላ ይመከራል፤ ምክንያቱም የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ ከሙሉ እስከ ባዶ እምብዛም ስለማይለዋወጥ ኮምፒዩተሩ የቀረውን መጠን በትክክል መገመት ይቸግረዋል፤ ሙሉ ሲሆን ግን ግምቱን ያርማል። 20 በመቶ እያሳየ ድንገት የሚቆም መኪና ከዚህ የመለኪያ ስሕተት ሊመጣ ይችላል።

አምራቾች የሚያስተዋውቁት ርቀት እንደ መለኪያው ይለያያል። የቻይናው መለኪያ ከአውሮፓውና ከአሜሪካው ይልቅ ለጋስ ነው። ለምሳሌ የትንሹ ሲጋል ባትሪ 30 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን የሚነገርለት ርቀት 305 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 12 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ ግን የሚገኘው 250 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባትሪውን እስከ መጨረሻ ጠብታ የሚያሟጥጥ ሹፌር ስለማይኖር በተግባር ከዚያም ያንሳል።

የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር የራሱን ድርሻ ይጨምራል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲወረድ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል። 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልገዋል፣ ይህም በሜዳ 20 ኪሎ ሜትር ከሚያስኬድ ጉልበት ጋር እኩል ነው። ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ከፊሉን ይመልሳል። ስለዚህ አዳማ ሲደርስ የሚታየውን ቁጥር አይቶ መመለሻውን በዚያው ልክ የሚያሰላ ሰው ይሳሳታል። በሌላ በኩል የከፍታው ስስ አየር የቤንዚን ሞተርን ጉልበት ሲቀንስ የኤሌክትሪክ ሞተርን አይነካውም። እንጦጦን ሲወጡ ልዩነቱ ይታወቃል።

ቤት ውስጥ ቻርጅ ማድረግ

ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በተለመደው 220 ቮልት ሶኬት ላይ ይሰካል። በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት፣ በ16 አምፔር 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። 3.5 ኪሎዋት አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚፈልገው ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ምጣዱ እንጀራው ሲያልቅ የሚጠፋ መሆኑ ነው። መኪናው ግን ያለማቋረጥ ሌሊቱን ሙሉ ይስባል፣ ሽቦውም የመቀዝቀዣ ጊዜ አያገኝም። ምጣድና መኪና በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ብሬከሩ ቢወርድ አያስገርምም። ብሬከሩን በትልቅ መተካት ብዙ ሰው የሚቸኩልበት መፍትሔ ነው፣ እጅግ አደገኛም ነው፤ ብሬከሩ የተቀመጠው ሽቦውን ለመጠበቅ ነውና። ለ16 አምፔር ቢያንስ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ መንገዱ ረጅም ከሆነ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ከቆጣሪው ሳጥን በቀጥታ ለብቻው ይዘረጋል። 7 ኪሎዋት የሚሰጠው የግድግዳ ቻርጀር 32 አምፔር ስለሚስብ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና የቆጣሪው አቅም መፈተሽ ያስፈልገዋል።

ማከፋፈያ ላይ መሰካት የብዙ ቃጠሎ መነሻ ነው። ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በመስኮት እስከ መኪና ማቆሚያ የሚወርድ ገመድ ከተማው ውስጥ ብርቅ አይደለም። የተጠቀለለ ማከፋፈያ ሙቀቱን ስለሚይዝ በተለይ አደገኛ ነው። ሌላ አማራጭ የሌለው ነዋሪ ቢያንስ ገመዱን ዘርግቶ አምፔሩን ወደ 8 ዝቅ ሊያደርግ፣ ሶኬቱም መጋሉን ከግማሽ ሰዓት በኋላ በእጁ ሊፈትሽ ይገባል።

ብዙ የቆዩ ቤቶች የመሬት ሽቦ የላቸውም፣ ወይም ሽቦው ሶኬቱ ጋ ደርሶ መሬት ውስጥ አልተቀበረም። አብዛኛው ቻርጀር ይህንን ስለሚያጣራ ቀይ መብራት አሳይቶ አይሠራም። የመሬት ሽቦውን ቦታ ከኒውትራል ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን "ማታለል" ይቻላል፤ ነገር ግን ኒውትራሉ የተቋረጠ ዕለት የመኪናው አካል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ በሩን የሚነካውም ሕፃን ሊሆን ይችላል።

የፀሐይ ኃይል

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል በሰሜን ትገኛለች። በአማካይ 1 ኪሎዋት የፀሐይ ሰሌዳ ብክነቱ ተቀንሶ በቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል ተብሎ ሊሰላ ይችላል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መካከለኛ መኪና 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ሲጨመር 7 ይሆናል። እያንዳንዳቸው 550 ዋት የሆኑ አራት ሰሌዳዎች፣ ወደ 10 ሜትር ካሬ የሚሸፍኑ፣ በቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሚሰጡ በወረቀት ላይ ከበቂ በላይ ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ምርቱ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ዝቅ ሊል ስለሚችል ያው ጣሪያ 6 ብቻ ይሰጣል፣ ለመኪናውም አይበቃም።

ሰሌዳው ወደ ደቡብ 10 ወይም 15 ዲግሪ ቢያዘነብል ይበቃል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በአዲስ አበባ ሰማይ ወደ ሰሜን ስለምትሆን ከአውሮፓ በተቀዳ ሥዕል ቀጥ ብሎ የተተከለ ሰሌዳ ይጎዳል። ጨርሶ የተጋደመ ሰሌዳ ደግሞ አቧራ ስለሚይዝ ዝናብ የሚያጥበው ትንሽ ተዳፋት ያስፈልገዋል።

ዋናው ችግር የሰዓት አለመገጣጠም ነው። ፀሐይ ስትወጣ መኪናው ሥራ ቦታ ነው፣ ማታ ሲመለስ ፀሐይ የለችም። በዚህ መካከል የቤት ባትሪ ይገባል። በገበያ የተለመደው 51.2 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሆነው ባትሪ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፣ የዕለቱን 7 ለመሙላት አንዱ አይበቃም። ደግሞም ከባትሪ ወደ ባትሪ በማገላበጥ የሚባክን አለ። ስለዚህ መኪና ለመሙላት ብቻ ተብሎ የቤት ባትሪ መግዛት ብዙውን ጊዜ አያዋጣም። ቤቱን በፀሐይ፣ መኪናውን ሌሊት ከመብራት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ መኪናውን በቀጥታ ከፀሐይ መሙላት ርካሹ መንገድ ነው። በሱቅ ወይም በግቢው ውስጥ በሚሠራ ቤተሰብ ዘንድ መኪናው ቀን ስለሚቆም ሒሳቡ ይገለበጣል።

በቀጥታ ሲሞላም ገደብ አለ። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ቻርጀር ከ6 አምፔር፣ ማለትም ከ1.3 ኪሎዋት በታች አይወርድም። 2.2 ኪሎዋት ሰሌዳ ያንን ያህል የሚሰጠው በቀትር አካባቢ ብቻ ስለሆነ የጎደለውን ከመብራት የሚያሟላ ሃይብሪድ ኢንቨርተር ያስፈልጋል። መብራት በሌለበት ጊዜ ደግሞ አንዳንድ ኢንቨርተሮች ኒውትራልና የመሬት ሽቦን ስለማያገናኙ ቻርጀሩ የመሬት ሽቦ እንደሌለ ቆጥሮ ይቆማል። ይህ የሚስተካከለው በኢንቨርተሩ በኩል በባለሙያ ነው።

የመብራት ዋጋ በፍጆታ እርከን ስለሚጨምር፣ መኪና ያለው ቤት ደግሞ ወደ ላይኛው እርከን ስለሚወጣ፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ማደጉ ፀሐይን ከቀድሞው ይልቅ አዋጭ አድርጎታል። እንዲያም ሆኖ በአዲስ አበባ ብዙ ሰው ሰሌዳ የሚያስተክለው መብራት ስለሚቋረጥ እንጂ ስለ ውድነቱ አይደለም።

ከመኪና ወደ ቤት

አንዳንድ መኪኖች ከባትሪያቸው 220 ቮልት መልሰው ይሰጣሉ። መብራት በጠፋበት ምሽት ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና አምፖሎች ለማሠራት 2 ወይም 3 ኪሎዋት ከበቂ በላይ ነው። ዕቃዎቹ የሚሰኩት ግን ከመኪናው በወጣው ሶኬት ላይ ነው። ሁለት ወንዴ ጫፍ ባለው ገመድ የቤቱን ሶኬት ከመኪናው ጋር ማገናኘት ኤሌክትሪኩን በቆጣሪው በኩል ወደ ሠፈሩ መስመር ይልካል፤ "ጠፍቷል" ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል። ሙሉ ቤቱን ለማሠራት የመንገዱን መስመር ቆርጦ የሚቀይር ማዞሪያ ማብሪያ የግድ ነው።

እንክብካቤ

የሞተር ዘይት፣ ካንዴላና የሚቀያየር ማርሽ ስለሌሉ የጋራዥ ወጪ ይቀንሳል። ፍሬኑም ሞተሩ ስለሚያግዘው ቶሎ አያልቅም። ጎማ ግን በመኪናው ክብደት የተነሳ ቶሎ ይበላል። ተራው የ12 ቮልት ባትሪ በእነዚህ መኪኖችም አለ፤ እሱ ሲሞት ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም። ትልቁ ባትሪ ከወለሉ ሥር ስለተዘረጋ በኮብልስቶን መንገድ፣ በፍጥነት መቀነሻና በጉድጓድ ላይ ሆዱ ሊመታ ይችላል። ከባድ ምት ከደረሰበት በኋላ መኪናው ደህና ቢሄድም በማንሻ ላይ ተሰቅሎ የባትሪው ሽፋን መታየት አለበት፤ ከተጨረመተ ባትሪ የሚነሳ እሳት ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል እስኪታይ ድረስ መኪናው ከቤትና ከሌሎች መኪኖች ርቆ በሜዳ ይቆማል።