ደብተራዋና የተረገመው ጌታ

አንድሮሜዳ የምትባል ወጣት ደብተራ እንጀራ ፍለጋ በረሃ መሀል ወደተገነባ ግንብ ትገባለች። የግንቡ ጌታ ማግነስ ሮቼስተር ሀብታምና መልከ መልካም ነው፤ ግን እርግማን አለበት። ዓይኑን ትኩር ብሎ ያየ ሰው ሌሊት ጅብ ይመጣበታል። ከእሷ በፊት የተቀጠሩት ደብተራዎች ሥራውን ጥለው ሄደዋል። እሷ ግን ከብር ክታብ እየሠራች ግንቡን ክፍል በክፍል ከቡዳ ታጸዳለች። ሥራው ሳያልቅ ልቧ ይሸፍታል፤ ያውም ለዚያ ለማይታየው ሰው።

«ዊዝን ዚዝ ዊክድ ዎልስ» የተባለው ይህ ልብ ወለድ በ2021 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ደራሲዋ ሎረን ብላክውድ የዘር ሐረጓ ከጃማይካ የሚመዘዝ አሜሪካዊት ናት። አጥንቱን የወሰደችው ቻርሎት ብሮንቴ በ1847 እ.ኤ.አ. ካሳተመችው «ጄን ኤር» ነው፤ ድሃ ተቀጣሪ፣ ባለምስጢር ጌታ፣ የሚያስፈራ ቤት። ሥጋውን ያለበሰችው ግን ከኛው አገር ቆርሳ ነው። ተዋናይቷ ሪስ ዊዘርስፑን ያቋቋመችው የንባብ ክበብ ለወጣቶች ከመረጣቸው መጻሕፍት አንዱ በመሆኑም ስሙ በሰፊው ተሰማ።

የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ገበያው ደርቷል። ስቴፈኒ ሜየር ከ2005 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ባወጣቻቸው አራት የ«ትዋይላይት» ጥራዞች አንዲት ተማሪ ደም መጣጭ አፍቅራለች። ሳራ ጄ. ማስ በ2015 እ.ኤ.አ. በጀመረችው ተከታታይ ደግሞ አዳኟ ልጅ ከሰው ወገን ካልሆኑ ኃያላን መሀል ትወድቃለች። ሁሉም የሚያቀርቡት አንድ ነገር ነው፤ አንባቢዋ የምትፈራውንና የምትመኘውን አንድ ሰው ላይ ታገኘዋለች። መንገዱ ምንም ቢጨልም መጨረሻ ላይ ሁለቱ አብረው እንደሚሆኑ ስለምታውቅ ደግሞ ፍርሃቱን ሳትሳቀቅ ታጣጥመዋለች።

ይህን መጽሐፍ ሸዋሮቢት ላይ ማንበብ ግን ሌላ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ቁልቁል ደብረ ሲናንና አርማንያን አልፎ ይፋት ቆላ የወረደ ሰው ሙቀቱን ደራሲዋ እንድትነግረው አይጠብቅም። ፍርስራሽም ቢሆን ሞልቷል። በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተነሣው የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች፣ ኖራና አስበሪን የመሳሰሉት፣ የድንጋይ መስጊዶቻቸው ግድግዳ ሳይቀር ከግራር ቁጥቋጦ መሀል ዛሬም ይታያሉ። የሚያስፈራ ግንብ ለሚፈልግ ልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል?

ክታቡም እንግዳ አይደለም። በሰንበቴ የእሁድ ገበያ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ሲገናኝ አንዱ ደብተራ የጻፈለትን ክታብ፣ ሌላው ሼህ የጻፉለትን ሂርዝ አንገቱ ላይ ወይም ክንዱ ላይ አስሮ ቢታይ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሃይማኖቱ ቢለያይም ቆዳው ውስጥ የተሰፋው ፍርሃት ተመሳሳይ ነው።

እውነተኛው የደብተራ ክታብ እንደ ልብ ወለዱ የብር ጌጥ ሳይሆን ብራና ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተፍቆና ተወጥሮ በጠባቡ ይቆረጥና ቁራጩ ከቁራጭ ይሰፋል፤ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሆናል፤ ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም፣ መነሻውና የተቀደሱት ስሞች በቀይ ይጻፋሉ። ሰይፍ የመዘዘ መልአክ ይሣልበታል፤ ከሐረጉ መሀል ደግሞ አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች ብቅ ይላሉ። የባለቤቱ የክርስትና ስም ከገባበት በኋላ ተጠቅልሎ ከቆዳ ማኅደር ይከተታል። ለአራስ ከሚጻፉት አንዱ የሱስንዮስና የወርዝልያ ታሪክ ነው፤ ወርዝልያ ሕፃናት ትገድላለች፣ ሱስንዮስ ፈረሱ ላይ ሆኖ በጦር ይወጋታል። የገዛ እህቱ መሆኗ ነው ታሪኩን የሚያከብደው። ከብላክውድ ጅብ ይልቅ እሷ ታስፈራለች።

ደራሲዋ ሳታውቀው ሳይሆን አይቀርም፣ ትልቅ ነገር ያደባለቀችው እዚህ ላይ ነው። በመጽሐፉ ብር የምትሠራውም ቡዳን የምታባርረውም አንዲት ሴት ናት። በኛ አገር ግን ክታብ የሚጽፈው ደብተራ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የነበረ ወንድ ነው፤ ብርና ብረት የሚያቀልጠው ጠይብ ደግሞ ራሱ ቡዳ ተብሎ የሚታማው ነው። ሸክላ ሠሪዋም፣ ቆዳ ፋቂውም፣ ሸማኔውም ከሐሜቱ አያመልጡም። በ1839 እ.ኤ.አ. አንኮበር የገባው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በዚያ አካባቢ ስለሚኖሩ ጠቢባን (ጠይቦች) ማስታወሻ ትቷል። ገበሬው ማረሻውን ከጠይብ ይገዛል፤ ማዕድ አይቆርስም፣ ልጁንም አይድርለትም። ልጅ ሲታመም በጢስ ታጥኖ «ማን ነህ?» እየተባለ ይለፈልፋል፤ ከአፉ የወጣው ስም ብዙ ጊዜ የዚያው የእጅ ባለሙያ ጎረቤት ስም ነው።

ስለዚህ ሌሊት ጅብ የሚሆን ቡዳ ባለግንብ ጌታ ሆኖ ሲመጣ የይፋት አንባቢ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ማግነስ ሀብት አለው፤ እርግማኑም ውበት ይጨምርለታል። የጠይቡን ልጅ ግን እርግማን የሚሉት ነገር የሚያስከፍለው ሚስት ነው።

ጨለማ ፍቅር የሚፈልግ ደራሲ ዛርን ቢያገኝ ደግሞ ምን ይል ነበር! አፈ ታሪኩ እንደሚለው ሔዋን ከወለደቻቸው ሠላሳ ልጆች መሀል መልካቸው የሚበልጠውን አሥራ አምስቱን ከእግዚአብሔር ደበቀች፤ እነሱም በዚያው ተሰውረው ዛር ሆኑ። ዛር ቆንጆ ይወዳል፣ ሽቱ ይወዳል፣ በቀትር ወንዝ ዳር ብቻዋን የተገኘችን ልጅ ይለክፋል። ከያዛት በኋላ እሷ ፈረሱ ናት። ዓይነ ጥላ ያደረባትማ ባል በመጣ ቁጥር ይመለስባታል፤ ቀናተኛ ባላንጣ ስላለ ነው ይባላል። ይህን ሁሉ ሲሰማ ያደገ ሰው ለደም መጣጭ ፍቅረኛ ብዙም አይደነግጥም።

የአማርኛ አንባቢ የሚቸገረው በመጨረሻው ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያለ ጋኔን፣ ያለ እርግማን፣ በዘር ሐረግ ትዕቢት ብቻ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን መቃብር አግብቷቸዋል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው መጨረሻውን የሚያውቀውም ሰው ከሬዲዮው አልተነሣም። በዚያ ያደገ ጆሮ አንድሮሜዳና ማግነስ እንደሚተርፉ ገና በመግቢያው ሲገባው፣ ከምንም በላይ የሚያሳስበው ቤቱን የሚያጸዱት አገልጋዮች ዕጣ ይሆናል።

ተከታታይ የለመዱ አንባቢዎች ሁለተኛ ጥራዝ ቢጠብቁም ብላክውድ በ2023 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ዋይልድብለድ» ወደ ጃማይካ ጫካ፣ ወደ ራሷ አያቶች መናፍስት ዞራለች። መልካም አድርጋለች። ወርዝልያን ከእሷ አንደበት የመተረክ ሥራ፣ የጠይቡን ልጅ ፍቅር የመጻፍም ሥራ፣ ከጣርማ በር ወዲህ ላለ ደራሲ ይበልጥ ይቀርበዋል።